ከጋፋት የተበተኑ ልጆች
የአያቶቻችንን ዱካ ስንፈልግ

ውድ ወጣቶች፣ በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የአባታችሁን አያት ስም ታውቃላችሁ? የእናታችሁን አያትስ? መጽሔቱን ለአንድ አፍታ አስቀምጡና በጣታችሁ ቁጠሩ። ብዙዎቻችን ሦስተኛው ወይም አራተኛው ስም ላይ ስንደርስ ጣታችን ይቆማል። በእናት በኩል ሲሆንማ ከዚያም ቀድሞ ይቆማል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የኖሩ ቅድመ አያቶቻችን ግን እስከ ሰባት ቤት ድረስ ያለ ወረቀት ይቆጥሩ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ከሰፈራችን ብዙም ሳይርቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ጋፋት ተነሥተን የአንድ ቤተሰብ ዱካ እንከተላለን። ከዚያም ወደ ራሳችን ቤት እንመለሳለን።

ከለንደን ወደ ጎንደር

እ.ኤ.አ. በ1921 ለንደን ውስጥ ፒተር ኡስቲኖቭ የተባለ ልጅ ተወለደ። ይህ ልጅ አድጎ በዓለም የታወቀ ተዋናይና ደራሲ ሆነ። የኦስካር ሽልማት ሁለት ጊዜ ተቀበለ፤ ለብዙ ዓመታትም የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆኖ አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓረፈ። ሰውዬው እንግሊዛዊ ነው፣ ስሙ ግን ሩሲያዊ ነው። ደሙስ? እስቲ እንደ አያቶቻችን ወደ ኋላ እንቁጠር።

አባቱ ዮና ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1892 በፍልስጥኤም የወደብ ከተማ በያፋ ተወለደ። የዮና አባት ከሩሲያ መኳንንት ወገን የሆነ፣ ኋላም ፕሮቴስታንት ሆኖ አገሩን የለቀቀ ፕላቶን ኡስቲኖቭ ነው። የዮና እናት ማግዳሌና ሆል ናት። ማግዳሌና የተወለደችው የት ይመስላችኋል? እዚሁ አገራችን፣ መቅደላ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱበት ዓመት። የማግዳሌና እናት ካታሪና ናት፤ ያገራችን ስሟ ወለተ ኢየሱስ ነው። የወለተ ኢየሱስ አባት ኤድዋርድ ዛንደር የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ሲሆን እናቷ ግን የጎንደር ቤተ መንግሥት ሴት ናት፤ እሴተ ወርቅ ትባላለች።

ፒተር፣ ዮና፣ ማግዳሌና፣ ወለተ ኢየሱስ፣ እሴተ ወርቅ። አምስት ስም ብቻ ቆጥረን ከለንደን ጎንደር ገባን። ስማችን በአባት ስለሚጠራ ዱካው ሁሉ በአባት የሚሄድ ይመስለናል። እዚህ ግን ወደ አገራችን ያደረሰን የእናቶች መስመር ነው።

ወንጌል ይዘው የመጡ የእጅ ባለሙያዎች

የማግዳሌና አባት ሞሪትዝ ሆል ነው። በፖላንድ ክራኮቭ የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በፕሮቴስታንት መልእክተኞች አማካይነት ክርስቶስን አመነ። እነዚያ መልእክተኞች እነማን ነበሩ?

በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ ሳንክት ክሪሾና የሚባል የወንጌል ትምህርት ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1840 ሲመሠረት ዓላማው አናጢውን፣ ግንበኛውን፣ ብረት ሠሪውን ወንጌል አስተምሮ መላክ ነበር። እንደ ሐዋርያው ጳውሎስ በእጃቸው ሥራ እየኖሩ ቃሉን እንዲመሰክሩ ታሰበ። በዚያን ጊዜ በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንቶች ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባት በወጣትነቱ ጎንደር ድረስ መጥቶ ወንጌል የሰበከ ሰው ስለሆነ ልቡ ከኢትዮጵያ አልወጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 ክራፕፍና ማርቲን ፍላድ መንገዱን ለማጥናት መጡ። በሚቀጥለው ዓመት ፍላድ ከቤንደር፣ ከማየርና ከኪንዝለን ጋር ተመልሶ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ሳልሙለር ተከተሏቸው።

በጓዛቸው ውስጥ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የመለሰው ፈረንጅ አይደለም፤ አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቀው የጎጃሙ መነኩሴ አባ አብርሃም ነው። ግብፅ ውስጥ ለዓመታት የደከመበት ሥራ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉ ሆኖ ታተመ። ስለዚህ ወንጌል ወደ ቤጌምድር በፈረንጅ እጅ ብቻ መጣ ብንል አባ አብርሃምን መርሳት ይሆንብናል።

ዐፄ ቴዎድሮስ እንግዶቹን በደስታ ተቀበሏቸው፤ ጋፋት ላይም አሰፈሯቸው። የእጅ ሥራ ለሚወድ ንጉሥ እንዲህ ያሉ ሰዎች ትልቅ ስጦታ ነበሩ። መንገድ ሠሩ፣ ሠረገላ አበጁ፣ መሣሪያ ጠገኑ፣ ለአገሩ ወጣቶችም ሙያ አስተማሩ። አብዛኞቹ እዚሁ ትዳር ያዙ። ዋልድማየር እ.ኤ.አ. በ1859 ሱዛን ቤልን አገባ። ሱዛን የንጉሡ ታማኝ ወዳጅ የነበረው እንግሊዛዊ፣ የሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤል ልጅ ስትሆን እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። እኅቷ ማርያም ሳልሙለርን አገባች። ቤል ራሱ በ1860 እ.ኤ.አ. የንጉሡን ሕይወት ሲከላከል በጦርነት ሞተ። በጋፋት ቤቶች ውስጥ የተወለዱት ልጆች እንግዲህ በአንድ ማዕድ ጀርመንኛም አማርኛም እየሰሙ ያደጉ ናቸው።

ሴባስቶፖል

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደርሰናል። ታሪክ ስንጽፍ የአባቶቻችንን መልካሙን ብቻ መርጠን ብንጽፍ ውሸት ይሆናል።

ንጉሡ ከጋፋት ሰዎች ሠረገላ ብቻ አልፈለጉም፤ መድፍ ፈለጉ። ባለሙያዎቹ ይህን ሥራ አናውቀውም ብለው መለሱ። እውነትም አያውቁም ነበር፤ ከዚያም በላይ የመጡት ለዚህ አልነበረም። መልሱ ግን ንጉሡን አላስደሰተም። እንደ ዋልድማየር ትረካ፣ እንሞክራለን እስኪሉ ድረስ አገልጋዮቻቸው ታሰሩ። በመጨረሻ እሺ አሉ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ደግመው ሞከሩ፤ ተሳካ። ከዚያ በኋላ ትእዛዙ ከትንሽ ወደ ትልቅ እያደገ ሄደ። በመጨረሻም 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ጋፋት ላይ ቀለጠ። የፖላንዱ ሞሪትዝ ሆል ከመድፍ ሠሪዎቹ አንዱ ነበር።

ወጣቶች፣ በዚህ ጉዳይ ላይ በኅብረታችሁ ብትወያዩበት ደስ ይለኛል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እንቢ ብትሉ የሚታሰረው አገልጋያችሁ ነው። እሺ ብትሉ ወንጌል ሊያስተምር የመጣ እጃችሁ የሚያቀልጠው ነሐስ ሰው መግደያ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ንጉሡን ይወዱት ነበር፤ ይፈሩትም ነበር። ከፍርሃትና ከፍቅር የትኛው እሺ እንዳሰኛቸው ራሳቸውም ለይተው የሚያውቁት አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የእኛም ውሳኔ እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ ትንሽ ነገር እሺ እንላለን፤ ቀጥሎ የሚመጣው ግን ትንሽ አይሆንም።

መንገዱ በጋይንት ያልፋል

በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። በጉና ግርጌ፣ በጋይንት ምድር፣ በጨጨሆ ዳገት አድርገው፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ተሻግረው መሄድ ነበረባቸው። ዛሬ ከነፋስ መውጫ ወደ ጋሸና በመኪና የሄደ ሰው ያን ዳገት ያውቀዋል። በዚያን ጊዜ መንገድ አልነበረም። ሠራዊቱ ዐለቱን እየፈነቀለ መንገድ ይሠራል፤ ንጉሡም አብረው ድንጋይ ያነሣሉ፤ ከኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሴባስቶፖልን በሠረገላ ላይ ጭነው በጠፍር ይጎትታሉ። በአንዳንድ ቀን ጉዞው ከሁለት ወይም ከሦስት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። መቅደላ የደረሱት ስድስት ወር ሊሞላ ሲል ነው።

ያን ጠፍር የጎተቱት እነማን ነበሩ? ስማቸው በየትኛው መጽሐፍ ተጻፈ? የቤጌምድር ገበሬ በዚያ ዘመን እጅግ ተጎድቶ ነበር። ከብቱ ተነድቷል፣ መንደሩ ተቃጥሏል፣ እህሉን ደብቆ የሸሸም ብዙ ነው። እናንተ ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ከሆናችሁ ከቅድመ አያቶቻችሁ አንዱ ያን መድፍ ጎትቶ ይሆናል፤ ወይም ከመድፉ ሸሽቶ በሽሎ ቆላ ወርዶ ይሆናል። የሴባስቶፖልን ክብደት እናውቃለን፤ የጎተቱትን ሰዎች ስም ግን አናውቅም።

ፍጻሜውን ታውቁታላችሁ። በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። ያን ያህል የተለፋበት ሴባስቶፖል ጦርነቱን አላሸነፈም፤ ዛሬም አምባው ላይ ተቀምጦ ይታያል። ያ ሁሉ ላብና ያ ሁሉ ብልሃት እዚያ ቀረ።

የተበተኑት ልጆች

የጋፋት ቤተሰቦች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ። አስቡት፦ ሱዛን፣ ወለተ ኢየሱስና ሌሎቹ እናቶች የተወለዱበትን አገር ጥለው፣ ሕፃናት ታቅፈው፣ ወደማያውቁት ባሕር ወረዱ። ለባሎቻቸው ጉዞው ወደ ውጭው ዓለም መመለስ ነበር፤ ለእነርሱ ግን ስደት ነው።

ዋልድማየርና ሱዛን ሊባኖስ ላይ ኖሩ። ዋልድማየር እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ፤ ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ አለ። በኋላም አስፉሪዬ ላይ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲቆም አደረገ፤ በዚያ አካባቢ እንዲህ ያሉ ሕሙማን በሰንሰለት በሚታሰሩበት ዘመን ማለት ነው። በጋፋት መድፍ ያቀለጠ እጅ በስተርጅናው የታሰሩትን ለማስፈታት ሠራ። ይህ ያለፈውን ይሰርዛል አልልም። እግዚአብሔር ግን በአንድ ሰው ላይ ሥራውን በቀላሉ እንደማይጨርስ ያሳየኛል።

የሞሪትዝ ሆልና የወለተ ኢየሱስ ቤተሰብ ያፋ ላይ ኖረ። ልጃቸው ማግዳሌና የኡስቲኖቭን ቤት መሠረተች። ሌላው ልጃቸው ዳዊት ሆል ግን ወደ እናቱ አገር ተመልሶ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣልያን ሊወርረን ሲያሰፈስፍ ንጉሡ የጦር መሣሪያ እርዳታ እንዲጠይቅ በምስጢር ወደ ጀርመን የላኩት እርሱን ነበር። አባቱ ለአንዱ የኢትዮጵያ ንጉሥ መድፍ አቀለጠ፤ ልጁ ለሌላው ንጉሥ መሣሪያ ፍለጋ ሄደ። ትውልድ ቢቆጠር እንዲህ ያለው ነገር ይገኛል።

የማን ዱካ ይገኛል?

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅን? እነዚያ ሰዎች ይጽፉ ስለነበር ነው። ለላኳቸው ማኅበራት ደብዳቤ ይልኩ ነበር፤ ማስታወሻ ይይዙ ነበር፤ ዋልድማየር የሕይወት ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1886 አሳተመ።

በሌላው ዓለምም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1825 ኀምሳ ሁለት ሰዎች በአንዲት ትንሽ መርከብ ከኖርዌይ ስታቫንገር ወደ አሜሪካ ተነሡ። ከዚያ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት ከ800,000 በላይ ኖርዌያውያን ተከተሏቸው፤ ብዙዎቹም ዛፍ በሌለው ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ከተማ ቆረቆሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው አያታቸው የወጣበትን እርሻ ሳይቀር ፈልገው ያገኙታል። ምክንያቱም በኖርዌይ የየአጥቢያው ቄስ የተጠመቀውን፣ ያገባውን፣ የሞተውን፣ ከአጥቢያው ወጥቶ የተሰደደውንም በመዝገብ ይጽፍ ነበር። ድሃ ገበሬም ቢሆን ስሙ አልጠፋም።

እኛስ መዝገብ አልነበረንም? ነበረን፤ በአፍ የሚያዝ ነበር። በአገራችን መሬት በርስት ይያዝ በነበረበት ዘመን ሰው ድርሻውን ለማግኘት እስከ አቅኚ አባቱ ድረስ ትውልዱን መቁጠር ነበረበት። ልብ በሉ፣ ርስት በእናትም በአባትም ይቆጠራል፤ ስለዚህ የአያቶች ስም፣ የሴቶቹም ጭምር፣ በሽማግሌዎች አፍ ይኖር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ብዙ ጭሰኛና ድሃ እፎይ አለ፤ ደግም ሆነ። ነገር ግን ትውልድ የሚቆጠርበት ትልቁ ምክንያት አብሮ ቀረ። አሁን የቀረን በጋብቻ ጊዜ ዝምድና እንዳይገናኝ ሰባት ቤት መቁጠር ነው። እርሱንም የሚያውቁት ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያለፉ ነው። አንድ ሽማግሌ ሲሞት አንድ መዝገብ ይቀበራል ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ትውልድ ቆጠራ ሁለት ነገር ያስተምረናል። በአንድ በኩል ሐዋርያው ጳውሎስ ፍጻሜ በሌለው የትውልድ ታሪክ እንዳንጠመድ ጢሞቴዎስን ያስጠነቅቀዋል። ዘር ቆጥሮ በሌላው ላይ መኩራት፣ የእኔ ወገን ከአንተ ይበልጣል ማለት፣ በእኛ ዘመን ምን እንዳስከተለ ታውቃላችሁ። በሌላ በኩል ይኸው ጳውሎስ ለዚሁ ጢሞቴዎስ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስም እየጠራ እምነታቸውን ያስታውሰዋል። የጌታችንም የትውልድ ሐረግ በማቴዎስ ወንጌል ሲጻፍ ከንጉሦቹ መካከል ትዕማር፣ ረዓብና ሩት ተቆጥረዋል፤ ረዓብና ሩት ደግሞ ከባዕድ አገር ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ቆጠራ ለኩራት አይመችም። ምሕረት የተደረገለትን ቤተሰብ ያሳያል እንጂ።

የኡስቲኖቭን ቤት የቆጠርነውም ለዚህ ነው። በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ ፖላንዳዊ አይሁዳዊ፣ ጀርመናዊ ሠዓሊ፣ የሩሲያ መኳንንትና የጎንደር ሴት ተገናኝተዋል። ንጹሕ ዘር አለኝ የሚል ሰው ገና በደንብ አልቆጠረም።

ስለዚህ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በሚቀጥለው በዓል ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። አያታችሁ ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ተቀመጡ። “እማማ፣ እናትዎ ማን ይባሉ ነበር? ከየት መጡ? ማን አሳደጋቸው?” ብላችሁ ጠይቁ። የእናታችሁን ወገን አስቀድሙ፤ ቶሎ የሚረሳው እርሱ ነውና። የክርስትና ስምና የዓለም ስም ካለ ሁለቱንም ጻፉ። ቀን ካላወቁ በዘመን ያዙት፤ ከጣልያን በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከአዋጁ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የሚያሳፍር ነገር ቢነግሯችሁም በቁጣ አትስሙ፤ ሁሉን መዘገብ ግድ አይደለም፤ ያልሆነውን ግን አትጻፉ። ስልካችሁ ላይ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ፈቃዳቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያም ወንጌልን በቤታችሁ መጀመሪያ የሰማው ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደሰማ፣ ምን ዋጋ እንደከፈለ ጠይቁ። ይህ የእናንተ ቤት ሎይድና ኤውንቄ ነው።

የወጣት ኅብረታችሁም አንድ የጋራ መዝገብ ቢከፍት መልካም ነው። በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴ የአጥቢያችሁን የመጀመሪያ አማኞች ስም የሚያውቅ ሽማግሌ ዛሬ በሕይወት ካለ ነገ አይባልም።

በጨጨሆ ዳገት ጠፍር የጎተተውን ሰው ስም እኛ አጥተነዋል። እግዚአብሔር ግን አላጣውም፤ ስሞች ሁሉ በፊቱ ናቸው። እኛም በምንችለው መጠን የአያቶቻችን ስም በእኛ ዘመን እንዳይጠፋ እንትጋ። ደብተሩን ዛሬ ግዙ። የመጀመሪያውን ገጽ በአያታችሁ ስም ጀምሩት።